ንጉሥ ሚካኤልና ሰማንያ ሺው ጦር

የሰገሌን ጦርነት ሁላችንም ከታሪክ ትምህርት እናውቀዋለን። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ መኳንንት ጦር ጋር ገጥመው ድል የሆኑበትና የተማረኩበት ዕለት ነው። ከዚህ ጦርነት ጋር አንድ ቁጥር ምንጊዜም አብሮ ይሄዳል፤ ይኸውም ሰማንያ ሺህ ነው። ንጉሡ ሰማንያ ሺህ ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ ይባላል። ቁጥሩ ከመጽሐፍ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ሲሸጋገር ኖሯል። ነገ ከነገ ወዲያ በሀብሩም ሆነ በወልድያ ዙሪያ ክፍል ገብታችሁ የምታስተምሩ እጩ መምህራንም ይህንኑ በጠመኔ ትጽፉት ይሆናል። ታዲያ አንድ የመርሳ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ማን ቈጠራቸው ብሎ ቢጠይቅስ?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የዚያ ልጅ ቅድመ አያት ከዘማቾቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። በወሎ ሰገሌ ያልነካው ቤት ማግኘት ይከብዳልና። ስለዚህ የኒህን ትልቅ ሰው ሕይወት እንተርክ፤ ስንተርክ ግን በሕይወታቸው ዙሪያ የተሰለፉትን ቁጥሮች እንደ ኬላ ጠባቂ እያስቆምን፣ ከየት እንደመጡና ማን እንደላካቸው እንጠይቅ።

ሚካኤል የተወለዱት በ1842 ዓ.ም. ግድም ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ወረሂመኖን ይገዛ ከነበረው ከማመዶች ቤት ናቸው። ያደጉበት ዘመን ለወሎ ክፉ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር ደጋግመው ዘምተዋል፤ ከእሳቸው በኋላም ከሰሜን አፄ ዮሐንስ፣ ከደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አገሪቱን ከሁለት ወገን ይስቧት ነበር። የማመዶች ቤትም ራሱ ተከፍሎ ነበር። መሐመድ ዓሊ ከተቀናቃኛቸው ከአባ ዋጠው ጋር የሚሻኮቱት ለአንድ ወንበር ነው፤ አንዱ ከአንዱ ንጉሥ ሲጠጋ ሌላው ከሌላው ይጠጋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው የሚመዘነው ስንት ጦር ያስከትላል ተብሎ ነው። የጦር ብዛት እንግዲህ ገና ከመነሻው ዝም ብሎ የሚነገር ነገር ሳይሆን የፖለቲካ ገንዘብ ነበር።

በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። አፄ ዮሐንስ የወሎ ሹማምንት ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙት መሠረት መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆነው ሚካኤል ተባሉ። አባ ዋጠው ደግሞ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከዚያ በኋላ በወሎ ስለተጠመቀው ሕዝብ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አኀዝ ይገኛል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ሺህ እስላም፣ ሃያ ሺህ ሌላ እምነት ያለውና ግማሽ ሚሊዮን ኦሮሞ ተጠመቀ ይላል። እስቲ ልብ በሉ፤ ሃምሳ፣ ሃያ፣ አምስት መቶ ሺህ። አንዲት ትርፍራፊ እንኳ የላትም! በእውነት የተቈጠረ ሰው እንዲህ ሆኖ ተከርክሞ አይገኝም። ብዙ ሰው በግድ እንደተጠመቀ፣ ብዙውም ወደ እምነቱ እንደተመለሰ፣ ብዙው እንደተሰደደ ግን የታወቀ ነው። ቁጥሩ ባይታመንም ነገሩ አልተደረገም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሚካኤል በአፄ ዮሐንስ ዘንድ ራስ ተብለው ወሎን ያዙ። ደሴንም መቀመጫቸው አደረጉ። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ምኒልክ ዞሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ነው እንግዲህ ከመርሳ ወደ ደሴ ስንሄድ ከውርጌሳ ቀጥላ በምናገኛት በውጫሌ ያ ዝነኛ ውል የተፈረመው። የአማርኛው ቃልና የኢጣልያንኛው ቃል አለመስማማቱ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ። ራስ ሚካኤልም የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ ይህ ጋብቻ በኋላ ዘመን ወደ ከፍታውም ወደ ገደሉም የመራቸው ነው።

አሁን ወደ 1888 ዓ.ም. እንምጣ። የክተት ነጋሪት ተጎስሞ የየአገሩ ጦር ወረኢሉ ላይ ተሰባሰበ። ራስ ሚካኤል ከወሎ ፈረሰኛ ጋር፣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል ደግሞ ከዚህ ከእኛው ከየጁ ጦር ጋር ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ በራስ መኰንን የሚመራው ግንባር ቀደም ጦር ሻለቃ ቶዜሊን ደመሰሰ፤ ራስ ሚካኤልም ራስ ወሌም በዚያ ነበሩ። የቶዜሊ ወታደር ከሁለት ሺህ ጥቂት ያልፍ እንደነበር ከመዝገብ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ጦር ግን ሠላሳ ሺህ ያህል ነበር ተብሎ የተጻፈው ከተራራው ላይ ቁልቁል በዐይን ተገምቶ ነው። የገመተውም ወገን ተሸናፊው ነው።

የአድዋው ዝርዝር ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። የምኒልክ ጦር ጠቅላላ ብዛት በአንዱ መጽሐፍ 73,000፣ በሌላው 100,000፣ በሦስተኛው 120,000 ነው። የኢጣልያኖች ወሬ ሰብሳቢዎች ያዘጋጁትንና ብዙ ጸሐፊ የገለበጠውን የየመኳንንቱን ዝርዝር ብንመለከት ለእቴጌ ጣይቱ 3,000 ጠመንጃ፣ ለራስ ወሌ 3,000፣ ለራስ ሚካኤል 6,000 ጠመንጃና 5,000 ፈረሰኛ ይሰጣል። በሌላ ዝርዝር የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ወደ 10,000 ያድጋል። የሚገርመው ግን የኢትዮጵያ ጦር ፈረሰኛ በሙሉ፣ የንጉሠ ነገሥቱም የእቴጌይቱም ተደምሮ፣ በመጀመሪያው ዝርዝር 8,600 ነው። አንዱን ካንዱ ሳያስተያይ የሚገለብጥ ሰው የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ብቻውን ከመላው የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ይበልጣል ሊል ነው! ከፊሉ ከሙሉው በልጦ ቁጭ ይላል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የማይሳሳተውን ሂሳብ ትልልቅ መጻሕፍት ሲሳሳቱት ማየት ያስቃልም፣ ያሳዝናልም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ማሰብ ይገባል። ኢትዮጵያዊው ጦር በደሞዝ መዝገብ የተያዘ ጦር አልነበረም። ጭፍራው አለቃውን ያውቃል፣ አለቃው ሻለቃውን ያውቃል፣ ሻለቃው ጌታውን ያውቃል፤ ሁሉም የራሱን ሰው በፊትና በስም እንጂ በወረቀት አይቈጥርም። ደግሞስ ወታደር የሚባለው ማነው? ጠመንጃ ያዡ ብቻ ነው? ጋሻና ጦር ያለውስ? ጠመንጃ ተሸካሚው አሽከር፣ በቅሎ ጫኙ፣ ድንኳን ተካዩ፣ እንጨት ለቃሚው፣ ወፍጮ ይዛ የምትከተለዋ ሴት፣ ጠጅ ጣይዋ? አሽከሩ ጌታው ሲወድቅ ጠመንጃውን አንሥቶ ይዋጋል፤ ጠዋት ያልተቈጠረው ከቀትር በኋላ ወታደር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ጠመንጃውን ይቈጥራል፣ ሌላው ሰውን፣ ሦስተኛው የድንኳኑንና የሌሊቱን እሳት ብዛት። ሦስቱም ጦር ይሉታል፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

የኢጣልያኖቹ ወገን ነገር ሌላ ነው። ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ አድዋ ያሰለፈው ጦር 17,700 ያህል፣ መድፉም 56 መሆኑ በመዝገብ ነበር። የካቲት 23 ቀን ከደረሰበት ሽንፈት በኋላም ሟቹ ተቈጠረ፤ 289 መኰንንና 2,918 ኢጣልያዊ ወታደር ሞተ፣ የገቡበት ያልታወቀ 954፣ ቁስለኛ 470 ተባለ። የደሞዝና የጡረታ መዝገብ ያለው ጦር ሟቹን እስከ መጨረሻዋ አንድ ድረስ ማወቁ አይቀርም፤ ለእናቱ ደብዳቤ ይላካልና። ግን ቀጥላችሁ የአስካሪውን መስመር አንብቡ። አስካሪ ማለት ለኢጣልያ የተሰለፈው የኤርትራና የአካባቢው ልጅ ነው። የእሱ ሙት ሁለት ሺህ ያህል ይላል። ያህል! ለኢጣልያዊው 2,918፣ ለአስካሪው በጅምላ። አንድ ጦር፣ አንድ አዛዥ፣ አንድ ቀን፤ የሟቹ ቆዳ ሲለወጥ የቈጣሪው እርሳስም ተለወጠ። እኔ በአድዋ ታሪክ ውስጥ ከዚህች ያህል ከምትል ቃል የበለጠ የቅኝ ግዛትን ጠባይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

በእኛ በኩል የሞተው ከአራት ሺህ እስከ ሰባት ሺህ፣ የቈሰለው እስከ አሥር ሺህ ይገመታል። ይህም ቢሆን ከጦር ሜዳው ያለፈውን አይጨምርም። በዚያን ዘመን እግሩን በጥይት የተመታ ሰው ቁስሉ መርዞ ከወር በኋላ በመንገድ ወይም በቤቱ ሊሞት ይችላል። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች እንኳ አዲስ አበባ የደረሱት ከጦርነቱ ብዙ ወራት በኋላ ነው። በቁስለኛ መዝገብ የገባ፣ ከሟች መዝገብ የቀረ ስንቱ ይሆን?

የወሎ ፈረሰኛ በአድዋ የሠራው ሥራ ግን አጠራጣሪ አይደለም። የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ከዋናው ጦር ተነጥሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በገባ ጊዜ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች በጠባቡ ስፍራ ደርሰውበት አጨዱት። ዳቦርሚዳ ራሱ እዚያው ሞተ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ፈረሰኛው አምስት ሺህም ይሁን አሥር ሺህ፣ አንድ ብርጌድ ከነጄኔራሉ መጥፋቱን ወዳጅም ጠላትም መስክሯል።

እዚህ ላይ ጠላት ቁጥር የሚያበዛበትን ምክንያትም ማየት ደግ ነው። ከጦርነቱ በፊት ኢጣልያኖች የምኒልክን ጦር አሳንሰው ነበር የሚገምቱት፤ አንድ ሆኖ ይዘምታል ብለውም አላመኑም። ከሽንፈቱ በኋላ ግን ጦሩ በወረቀት ላይ አበጠ። ባራቲዬሪ በዚያው ዓመት አስመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ ነበር፤ በነፃ ቢለቀቅም ለአዛዥነት አልበቃም ተብሏል። እንዲህ ላለ ሰው የጠላቱ ብዛት መከላከያ ጠበቃው ነው። አሸናፊውስ? አሸናፊውም ብዙ ጠላት ገደልኩ ማለት ይወዳል። ግዳይ በሚጣልበት ቀን አንዱን ሟች ሁለት ሰው ቢፎክርበት፣ አንዱ ቀድሜ ተኮስኩ፣ ሌላው በጎራዴ ጨረስኩ ቢል፣ ማን ይቀንሰዋል? እንዲያው ባጭሩ፣ ተሸናፊ የጠላቱን ጦር ያበዛል፣ አሸናፊ የጠላቱን ሬሳ ያበዛል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የፋርስ ንጉሥ ዜርክሲስ ግሪክን በወረረ ጊዜ ከነተከታዩ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞ ነበር ብሎ ጻፈ። ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ብዙ ሰው አመነው። ከዚያ ሃንስ ዴልብሩክ የሚባል የጀርመን የታሪክ ሊቅ (እ.ኤ.አ. 1848-1929) ተነሣና አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህ ሁሉ ሰው በመንገድ ሲሰለፍ ርዝመቱ ስንት ይሆናል? የራሱ ዘመን የጀርመን ጦር በመንገድ ላይ የሚይዘውን ርዝመት መለኪያ አድርጎ ቢያሰላው፣ የጦሩ ራስ ግሪክ አገር ቴርሞፒሌ ሲደርስ ጅራቱ ገና ከፋርስ ከተማ ከሱሳ እየወጣ ነው! ናፖሊዮንም እ.ኤ.አ. በ1812 ወደ ሩሲያ ሲዘምት የያዘው ጦር እስከ ዛሬ በመቶ ሺህ በሚቈጠር ልዩነት ይጻፋል፤ የእሱ የጦር መግለጫዎች ደግሞ በገዛ አገሩ ሰዎች ዘንድ እንኳ የውሸት ምሳሌ ሆነው ነበር። መዝገብና ጸሐፊ በሞላበት በአውሮፓ እንዲህ ከሆነ እኛ የምናፍርበት ነገር የለም። የዴልብሩክ ዘዴ ግን ቤተ መጻሕፍት የማይጠይቅ፣ ሜትርና ኪሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚሠራበት ስለሆነ ለእኛ ይመቸናል። ወደ ሰገሌ ይዘነው እንሂድ።

ልጅ ኢያሱ የአያታቸውን የምኒልክን አልጋ ከያዙ በኋላ አባታቸውን ከፍ አደረጉ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም የዚህ ዘመን ክብራቸው ምስክር ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ሀብታም ደሃ ሳይባል ግብር የሚበላበት ነበር። ክብሩ ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ የሸዋ መኳንንት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ፤ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ጦር አነሡ።

ከመስከረም 17 እስከ ጥቅምት 17 ልክ አንድ ወር ነው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ የሹም ሽሩ ወሬ ደሴ ይደርሳል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሰው ከየቆላውና ከየደጋው ይሰበሰባል፣ ስንቅ ይዘጋጃል፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ በእግር ይኬዳል፣ በመካከሉም አንድ ሌላ ጦርነት ይደረጋል። እንግዲህ ሰማንያ ሺህ ሰው እናሰልፍ። ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱና እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሜትር ቢይዝ፣ አርባ ሺህ ጥንድ በሁለት ሲባዛ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከደሴ እስከ መርሳ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰልፉን ወደ ሸዋ መሆኑ ቀርቶ ወደ እኛ አዙሩትና በዐይነ ኅሊና ተመልከቱት፤ ጅራቱ ደሴ ቆሞ ራሱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሊገባ ትንሽ ይቀረዋል። በቅሎና አህያ ሳይጨመር ነው ይህ። በቀን ሃያ ወይም ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢጓዙ የመጨረሻው ሰው የሚነሣው የመጀመሪያው ከተነሣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ነው።

ደግሞ ስንቁን አስቡት። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል፣ በሶም ይሁን ዳቦ ቆሎ፣ ብንመድብ 800 ኩንታል በቀን ያስፈልጋል። አህያ ግማሽ ኩንታል ትሸከማለች ብንል ለአንድ ቀን ስንቅ 1,600 አህያ፣ ለሃያ ቀን 32,000 አህያ። አህዮቹም ይበላሉ። ጥቅምት ደግሞ አዝመራው ገና በማሳ ያለበት ወር ነው።

በእርግጥ ይህ ስሌት ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ውሸት አያደርገውም። የእኛ ጦር እንደ ጀርመን ጦር በአንድ መንገድ አይሰለፍም፤ በሜዳው ተበትኖ፣ በብዙ ዱካ፣ እየተመራና ከገበሬው እየቀማ ነው የሚጓዘው። ግማሹ ከየአገሩ ተነሥቶ በመንገድ ሊገናኝ ይችላል። ስሌቱ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ሰማንያ ሺህ የሚለው በሙሉ ተዋጊ ከሆነ የወሩ ጊዜ በጣም ይጠበዋል፤ አሽከሩ፣ በቅሎ ጫኙና ስንቅ አዘጋጇ ተጨምረው ከሆነ ግን ተዋጊው ከዚያ በብዙ ያንሳል። በሁለቱም መንገድ በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ሰማንያ ሺህ ጦር የሚለው ሐረግ ሳይብራራ መቆም አይችልም።

በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታት ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር አገኙት። ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ፣ ጦራቸውም ተደመሰሰ። የእሳቸው ሰው አሥራ አንድ ሺህ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሞቶ ስንቱ እንደሸሸ የሚለይ ዝርዝር የለም፤ መደምሰስ የምትለዋ ቃል ሁሉንም በአንድ ጉድጓድ ትቀብራለች። የቶራ መስክ ወሬ አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው ተሸበረ። እዚያ የነበሩት የአውሮፓ ቆንስላዎች ጦርነቱን ያዩት በዚህ ሽብር መካከል ሆነው ነው። ለሸዋ መኳንንትም የጠላት ብዛት መነገሩ አልጎዳቸውም፤ ያመነታ የነበረውን ባላገር ለማስነሣት ከዚህ የበለጠ ነጋሪት ከየት ይመጣል? ወሎዬም ብዛቱን ሲሰማ ደስ አይለውም አይባልም። ስለዚህ ቁጥሩን የሚወደው ብዙ፣ የሚጠላው ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ዕድሜው ረጅም ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ከድሉ በኋላ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገሰገሱም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልባቸው ከንጉሡ ጋር ያሉ መስለው መልእክት እየላኩ እንዳዘገዩዋቸው በሰፊው ይተረካል። በነዚያ ጥቂት ቀናት የሸዋ ጦር ከየአቅጣጫው ተሰባሰበ። ልጅ ኢያሱም ከምሥራቅ በኩል በጊዜ ሊደርሱላቸው አልቻሉም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በሰገሌ ሜዳ ጥቅምት 17 ቀን ውጊያው ተደረገ፤ ከአድዋ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ከተደረጉት ውጊያዎች እጅግ የከፋው ነበር። በዚህም በዚያም ወገን የወደቀው ኢትዮጵያዊ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በአድዋ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሽማግሌዎች በሰገሌ ፊት ለፊት ተያዩ።

የሰገሌ ሙታን በሺህ ይቈጠራሉ ከማለት አልፎ እንደ ኢጣልያ መኰንኖች 289 ተብሎ የተጻፈ መስመር የላቸውም። የደሞዝ መዝገብ አልነበረም፣ ለእናት የሚላክ ደብዳቤም አልነበረም። ከሟቹ ቤት የደረሰው መርዶ ነጋሪ ነው፤ መርዶ ደግሞ በየቤቱ ይለቀሳል እንጂ አይደመርም። የቦሩ ሜዳውን ነገር እዚህ ላይ አስታውሱ። ቁጥሩ ተጠራጠረ ማለት ሞቱ ተጠራጠረ ማለት አይደለም። የሰማንያ ሺሁን ነገር ስንመረምር የሰገሌን ሐዘን ለማሳነስ አይደለም፤ እንዲያውም በተድበለበለ ቁጥር የተሸፈነውን ሰው ለማየት ነው። ለተማሪ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ብዙ መጻሕፍት ሰማንያ ሺህ ይላሉ፣ ቈጥሮ የጻፈው ግን የለም፣ ተዋጊና ተከታይም አልተለየበትም፣ በሁለቱም ወገን ግን በሺህ የሚቈጠር ሰው በአንድ ቀን ረግፏል። በፈተና ላይም ስንት ነበር ከማለት ይልቅ ይህ ቁጥር ለምን ያጠራጥራል ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ እርማቱ ትንሽ ቢያለፋም።

ንጉሥ ሚካኤል በዚያው ዕለት ተማረኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። ሰልፉን ካዩት አንዱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር። ይህ ሕፃን አድጎ የታወቀ አገር አሳሽና ጸሐፊ ሲሆን ያን ቀን ዕድሜውን ሙሉ እንዳልረሳው ጽፏል። በፊቱ ካለፈው እልፍ አእላፍ ሠራዊት መካከል በሰንሰለት የሚሄዱት ሽማግሌ ንጉሥ ከዐይኑ አልጠፉም።

ከሰገሌ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በግዞት ኖረው እዚያው እንዳሉ ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ ከቦታ ቦታ ሲሸሹ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። ከሰገሌ የተረፈው ወሎዬ ደግሞ ጠመንጃው ያለው በጠመንጃው፣ የተገፈፈው በበትሩ እየተደገፈ፣ በመጣበት ዱካ ወደ ወረሂመኖ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ የጁ ተመለሰ፤ በየደረሰበትም ደጅ ላይ ቆመው የጠበቁት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚጠይቁት።